ሽልንግ በመተማ፣ ሽልን በገላባት

መተማ ዮሐንስን ከሱዳኗ ገላባት የሚለያት አንድ ሖር ነው፤ በበጋ አሸዋው የሚታይ፣ በክረምት ጎርፍ የሚወርድበት፣ ድልድይ የተዘረጋበት። ከድልድዩ ወዲህ ዕድሜው የገፋ ሰው «ሽልንግ» ሲል ሃምሳ ሳንቲም ማለቱ ነው። የብር ግማሽ ነው፤ በአስርዮሽ ሲጻፍ 0.50። ከድልድዩ ወዲያ ያለ እኩያው «ሽልን» ሲል ደግሞ አምስት ግርሽ ማለቱ ነው። የሱዳን ፓውንድ፣ እነሱ ጂኔህ የሚሉት፣ መቶ ግርሽ ስለሆነ አምስት ግርሽ የጂኔህ አንድ ሃያኛ ይሆናል፤ በአስርዮሽ 0.05። ቃሉም ምንጩም አንድ ነው። ነጥቡ ግን ሖሩን ሲሻገር አንድ ቤት ሸሽቷል።

ሽልንግ በአገሩ በእንግሊዝ የፓውንድ ሃያኛ ነበር። ግብጽ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣችው ፓውንድ ዋጋው ለእንግሊዙ በጣም የቀረበ ስለነበር፣ የግብጽ ገበያ የራሱን ፓውንድ ሃያኛ፣ ማለትም አምስቱን ግርሽ፣ በእንግሊዞቹ ስም ጠራው። ሱዳንም በእንግሊዝና በግብጽ ጥምር አገዛዝ ሥር ሳለች በግብጽ ገንዘብ ትገበያይ ነበርና ሽልን ከነክፍልፋዩ ወደዚያ ወረደ። ወደ እኛ የመጣው ግን በሌላ በር ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር የእንግሊዝ ጦር በኬንያና በአካባቢዋ ይሠራበት የነበረውን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዞ ገባ። መንግሥት በ1937 ዓ.ም. የራሱን ብር በወረቀትና በሳንቲም ሲያወጣ ልውውጡ ሁለት ሽልንግ በአንድ ብር ሆነ። አንዱ ሽልንግ ልክ ሃምሳ ሳንቲም ላይ አረፈ። ሽልንጉ ከገበያ ሲወጣ ስሙን ለሃምሳ ሳንቲም አውርሶ ሄደ፤ «ብር ከሽልንግ» የሚለው አነጋገርም ተተከለ።

የገንዘባችን ስሞች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ በውስጣቸው ክፍልፋይ ይዘዋል። ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሃያኛ፣ መቶኛ ይላሉ። ስሙ ከገበያ ወደ ገበያ ሲሻገር ክፍልፋዩ አንዳንዴ አብሮት ይሄዳል፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይቀራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ክፍልፋይ ላይ ይቀመጣል። ይህን ለማየት ከመተማ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቃላቱ ከሁለት ወገን እየመጡ የተገናኙበት ገበያ ነውና።

ገበያው የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የያዙት ተክሩሮች ነበሩ፤ ዘራቸው ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር የሚመዘዝ፣ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰፍረው የቀሩ ሙስሊሞች። አለቃቸው ለኢትዮጵያም ሱዳንን ለያዘው ለግብጽ መንግሥትም ይገብር ነበር። ከጎንደር ቡና፣ ሰም፣ ከብት፣ በቅሎ፣ ባሪያም ይወርዳል፤ ከወዲያ የጥጥ ጨርቅና የባሕር ማዶ ሸቀጥ ይመጣል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚህችው መተማ ሲሆን የከተማዋ ሙሉ ስምም ከእሳቸው የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል ወሰኑ ተሰመረ። ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ገንደ ውሃ ሲሆን፣ ቆላው የሚታወቅበት ምርት ሰሊጥና ጥጥ ነው።

በዚያ በጥንቱ ገበያ ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር፤ የኦስትሪያዋ ገዢ የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ተቀባዩ ሳያገላብጥ አይቀበለውም። በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች አንድ በአንድ መቆጠር አለባቸው፤ ትከሻዋ ላይ ያለው የልብስ መያዣ ከደበዘዘ ብሩ ይመለሳል። ጠርዙን የዞረው የላቲን ጽሑፍ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ሲሆን ሥራውም ጥበቃ ነው፤ ጠርዙ የተሸረፈ ብር ፊደሉ ስለሚጎድል ወዲያው ይታወቃል። ከመልኳ ዙሪያ በምሕጻረ ቃል ከተዘረዘሩት ማዕረጎቿ መካከል የሃንጋሪና የቦሂሚያ ንግሥትነቷ ይገኛል።

ይህቺ ቦሂሚያ፣ የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ዋና ክፍል፣ ለቃላችን ቁልፍ ናት። እዚያ በሚገኝ ዮአኪምስታል በሚባል ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1510ዎቹ ብር ተገኘ፤ ከ1520 ግድም ጀምሮ ከዚያ የተመታው ትልቅ ብር በቦታው ስም ዮአኪምስታለር ተባለ። «ታል» በጀርመንኛ ሸለቆ ነው። ስሙ ረዘመና ታለር ብቻ ቀረ፤ ሆላንዶች ዳለር አሉት፣ እንግሊዞች ዶላር። በእኛ አገር በውጭ ሰዎች ጽሑፍ ታላሪ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የአሜሪካ ዶላርና የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ በስም አንድ ቤት ናቸው። ጎንደርንና መተማን ያዩ የእንግሊዝ ተጓዦች ጠገራውን «ዶላር» እያሉ መጻፍ የጀመሩት የአሜሪካ ዶላር በዚህ ምድር ከመታወቁ በፊት ነው። ከ1937 ዓ.ም. በኋላ በወረቀት ብራችን ላይ በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ተብሎ ሲጻፍ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የጠገራው የቆየ የእንግሊዝኛ ስም ወደ ወረቀት መውረዱ ነው። በአማርኛው በኩል ግን ምንጊዜም ብር ነበር፤ በግእዝ ብሩር የሚባለው ማዕድን ራሱ። በ1969 ዓ.ም. አዲሱ ኖት ሲወጣ የእንግሊዝኛው ስምም ብር ሆነ።

ጠገራው አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ክፍልፋይ አልነበረውም። በሬ ለሚገዛ ሰው ይመቻል፤ በርበሬና ሽንኩርት ለሚፈልግ ግን አይመነዘርም። በደጋው ይህን ክፍተት የሚሞላው አሞሌ ነበር። ከአፋር ሜዳ ተጠርቦ የሚመጣው የጨው ዘንግ በጠገራ ስንት እንደሚሰጥ የሚወስነው መንገዱና ወቅቱ ነው፤ ከጨው ምድር በራቁ ቁጥር አሞሌው ይወደዳል፣ በአንድ ጠገራ የሚገኘውም ይቀንሳል። አሞሌ ተሰብሮ ቁርማን ይሆናል፤ ቁርማን ለእንጀራም የሚነገር ቃል ነው። ክፍልፋይ አለ ማለት ነው፣ ግን የቆመ ክፍልፋይ አይደለም። ትግራይ ላይ የጠገራ ትንሽ እጅ የነበረው አሞሌ ጎንደር ሲደርስ ከፍ ያለ እጅ ሆኖ ይገኛል።

የቆመ ክፍልፋይ በአዋጅ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ነው። በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ አወጁ፤ ፓሪስ የተመታውም 1887 የሚል ዓመት ይዞ መጣ። ትልቁ ብር በክብደትም በጥራትም ከጠገራው ጋር እንዲስተካከል ተደረገ። ከሥሩ ያሉት ስሞች የሒሳብ ትምህርት ናቸው። ግማሹ አላድ፣ አራተኛው ሩብ፣ ስምንተኛው ተሙን። ከዚያ በታች ግርሽ አለ፤ መጀመሪያ የብር ሃያኛ ነበር፣ ከ1890ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አሥራ ስድስተኛ ሆነ። ከግርሽ በታች ቤሳ፣ ሠላሳ ሁለተኛው። የየክፍሉ ስም የተቀረጸው ከብር ጋር ተያይዞ ነው፤ አራተኛው ላይ «የብር ሩብ» ይላል። እንዲህ የሚል ገንዘብ በእጅ ላይ እያለ ክፍልፋይ ለማስተማር ሌላ መርጃ አያስፈልግም ነበር።

እስቲ እነዚህን ወደ አስርዮሽ እንመልሳቸው። አላድ 0.5፤ ሩብ 0.25፤ ተሙን 0.125፤ ግርሽ 0.0625፤ ቤሳ 0.03125። አስርዮሹ እየተጎተተ ሲረዝም ክፍልፋዩ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ይካፈላል። ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ የዚያም ግማሽ። ይህ የሚዛን ሒሳብ ነው። ሁለት እጅ ያለው ሚዛን ያለው ሰው ያለ ምንም ሌላ መለኪያ አንድን ክብደት እኩል ሊከፍል ይችላል፤ አምስት ቦታ ወይም አሥር ቦታ መክፈል ግን አይሆንለትም። ብርና ወርቅ ደግሞ በሚዛን የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። አላድ የገንዘብ ስም ብቻ አልነበረም፤ የወርቅ መመዘኛም ነበር፣ የወቄት ግማሽ። ወቄቱ የአንድ ጠገራ ክብደት ነው። ወቄት ራሱ በዐረብኛው ኡቂያ፣ በግሪኩ ኡንኪያ በኩል ወደ ላቲን ሲወጣ «አንድ አሥራ ሁለተኛ» ሆኖ ይገኛል፤ የሮማውያን ሊብራ አሥራ ሁለተኛ። እንግሊዞች የሚሉት አውንስም ኢንችም ከዚያው ቃል የወጡ ናቸው፤ አንዱ ለክብደት፣ አንዱ ለርዝመት። ወርቅ አንጣሪዎቻችን ወቄት ሲሉ የሮማን አሥራ ሁለተኛ እየጠሩ ነው።

ከላይ ካሉት ሁሉ እኔን ከልቤ የሚይዘኝ ስምንተኛው ነው። ተሙንና ስሙኒ የአንድ ሥር ሁለት ልጆች ናቸው። በዐረብኛ ስምንተኛ እጅ «ሡምን» ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ምላስ በጥርስ መካከል ወጥታ የምትናገረው እንጂ የእኛ «ስ» አይደለም። ይህ የጥንት ሴማዊ ድምፅ በግእዝ ሁልጊዜ «ስ» ሆኖ ይገኛል፤ በሱዳንና በግብጽ የሰፈር ዐረብኛ ግን ብዙ ጊዜ «ት» ይሆናል። ከመተማ ሳይርቁ መስማት ይቻላል። እኛ ስምንት ስንል እነሱ ተማኒያ ይላሉ። በግእዝ ሰኞ ሰኑይ፣ ሁለተኛው ቀን፣ ሲሆን የእነሱ ሰኞ ኢትኔን ነው። በግእዝ በሬ ሶር ነው፣ በእነሱ ቶር። የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠሙበት ልብስ ቶብ የሚባለውም በመጽሐፍ ዐረብኛ በዚያው በጥርስ መካከል ድምፅ የሚጀምር ቃል ነው። ስለዚህ ተሙን ከዐረብ ነጋዴ አፍ በቀጥታ የተወሰደ ስም ነው፤ «ት» ታጋልጠዋለች። ስሙኒ ደግሞ ከእኛው ስምንት አጠገብ ቁጭ ብሏል።

የስሙኒ ነገር ግን እዚህ አያበቃም። ሥሩ ስምንተኛ እያለ ገንዘቡ ሩብ ነው። ሃያ አምስት ሳንቲም የብር አራተኛ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። የስምንተኛው ስም አንድ ደረጃ ወጥቶ ሩቡን ያዘ፤ ሩብ የሚለው ስም ደግሞ ከገንዘብ ወርዶ ለሰዓት፣ ለኪሎና ለጉዳይ ቀረ። ይህ ከሽልንግ ጉዞ የተለየ ነው። ሽልንግ በልውውጥ ስሌት በትክክል የተቀመጠ ስም ነው፤ ስሙኒ ግን በልማድ የተንሸራተተ ነው። አሥራ ሁለት ሳንቲም ተኩል የሚባል ገንዘብ በአዲሱ የመቶ ሥርዓት ስለሌለ፣ ስሙ ሥራ ፈትቶ ከመቅረት የቅርቡን ጎረቤት ያዘ ብዬ አምናለሁ።

ሃያ አምስት ሳንቲሙ ራሱ አንድ ታሪክ አለው። በ1936 ዓ.ም. ምልክት የተመታው የመጀመሪያው ክብ፣ ቀይ መዳብ መልክ ያለው፣ በስፋቱ ከብር የተሠራውን ሃምሳ ሳንቲም የሚያክል ነበር። በብር ቅብ ሲነከር በጥድፊያ ገበያ ሽልንግ ሆኖ ያልፋል፤ 0.25 የነበረው 0.50 ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ጠርዙ እየተነደለ እንደ አበባ ቅጠል ተደረገ። ከዚያ ወዲያ በጨለማም ቢሆን አውራ ጣት ስሙኒን ከሽልንግ ትለያለች። በእጅ የሚዳሰስ ክፍልፋይ ማለት ይህ ነው።

ስሙኒን በአሜሪካ ዶላር ማስላትም ደስ የሚል ነገር ያሳያል። በንጉሡ ዘመን አንድ ዶላር 2 ብር ከ50 በነበረበት ጊዜ ስሙኒ ልክ የዶላር አሥረኛ ነበር፤ 0.10፣ አሜሪካኖች ዳይም የሚሉት። ዳይም ራሱ ከላቲን «አሥረኛ» የመጣ ነው፤ የእኛ አስራት ማለት ነው። ቀጥሎ ዶላሩ 2 ብር ከ07 ሆኖ ደርግን ሙሉ በቆየበት ዘመን ስሙኒ ወደ 0.12 ዶላር ወጣ። የዶላር ስምንተኛ 0.125 ነው። በእነዚያ ዓመታት ስሙኒ፣ በብር ሲቆጠር ሩብ ሆኖ፣ በዶላር ሲቆጠር ስሙ እንደሚለው ስምንተኛ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። አጋጣሚ ነው፣ የስሙ ምክንያት አይደለም፤ ግን ቁጥሩ ያምራል። በ1985 ዓ.ም. ዶላሩ 5 ብር ሲሆን 0.05 ሆነ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ዶላሩ ከመቶ ብር ሲያልፍ ስሙኒ የዶላር አራት መቶኛ እንኳ አልሞላም፤ ከ0.0025 በታች።

ስምንተኛው በአሜሪካም አለ፤ የዶላሩን የልጅነት ታሪክ የያዘው እሱ ነው። አሜሪካ በ1792 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ዶላሯን በአሥር፣ በመቶና በሺህ ከመክፈሏ በፊት ሕዝቡ የሚገበያየው በስፔን ብር ነበር፤ ያ ብር ስምንት ሬያል ነው። ሬያል በስፔንኛ «ንጉሣዊ» ማለት ነው። አንዱ ሬያል የዶላር ስምንተኛ፣ 0.125፤ ሁለቱ ሩብ። ሃያ አምስት ሳንቲማቸውን ዛሬም «ሁለት ቁራሽ» የሚሉበት አነጋገር የዚያ ቅሪት ነው። የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያም እ.ኤ.አ. እስከ 2001 ድረስ ዋጋ የሚጽፈው በስምንተኛና በአሥራ ስድስተኛ ነበር።

ይህ ሬያል ነው ወደ ዐረቦች ገብቶ ሪያል የሆነው። ግን ዐረቦቹ ስሙን የሰጡት ለቁራሹ ሳይሆን ስምንት ሬያል ለሚመዝነው ለሙሉው ብር ነው። ጠገራውም በቀይ ባሕር ዙሪያ ሪያል ተባለ። እንግዲህ 0.125 የነበረው 1.00 ሆነ። ግብጾች ሪያልን ሃያ ግርሽ አደረጉት፤ የፓውንዳቸው አምስተኛ፣ 0.20። የምኒልክ የመጀመሪያው ብር ሃያ ግርሽ ሆኖ መወጠኑ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል፤ ግብጽ በዚያ ክፍለ ዘመን ሱዳንን፣ ምጽዋንና ሐረርን ይዛ ሦስት በሮቻችን ላይ በራሷ ገንዘብ ትቆጥር ነበርና። ሱዳኖች ደግሞ ሪያልን አሥር ግርሽ አሉት፤ 0.10። ስሙን በገላባት የጠራ አሥረኛ ይላል፤ አያቱ በጠገራ ዘመን እዚያው ቦታ ላይ የጠራው ሙሉ ነበር።

ግርሽን በአጭሩ ልለፈው፤ ነገሩ ግልጽ ነውና። ከላቲን «ግሮሱስ»፣ ወፍራም፣ ወደ ጀርመን ግሮሽን፣ ከዚያ ወደ ቱርክ ኩሩሽ፣ ከዚያ ወደ ዐረብኛ። ካይሮ የመጀመሪያዋን ድምፅ ትውጣታለች፤ ሱዳንና የመን «ግ» ይሏታል። የእኛም «ግ» መሆኗ ቃሉ ከየትኛው ወገን አፍ እንደተሰማ ይናገራል። ሱዳን ውስጥ ብዙ ቁጥሩ ጉሩሽ ባጠቃላይ ገንዘብ ማለት ነው።

ቤሳ የመጣው በሌላ አቅጣጫ፣ በሕንድ ውቅያኖስ፣ ከሕንዶች ፓይሳ ነው። እሱንም ሊቃውንት ወደ ሳንስክሪት ሲመልሱት «አራተኛ እጅ» ከሚል ቃል ያወጡታል። ሠላሳ ሁለተኛ ሆኖ እኛ ዘንድ ሲደርስ አራተኛነቱ ተረስቷል። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ሲባል ቤስቲን የምትለው ለእኔ የዐረብኛ ጥንድ ቁጥር ትመስለኛለች፤ አንድ ቤሳም ሁለት ቤሳም የለኝም እንደማለት።

የመቶው ሥርዓት በይፋ የገባው በ1923 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ምልክት የተመቱት ሳንቲሞች አንድ፣ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ አምስትና ሃምሳ ሲሆኑ መለኪያቸው መቶኛ ይባል ነበር። ቃሉ በምኒልክ ዘመን ለትንሿ መዳብ ተሰጥቶ የነበረ ነው፤ አሁን ግን ሙሉ ሥርዓት ተሸከመ። መቶኛ ንጹሕ አማርኛ ነው፤ የሰማው ሁሉ ክፍልፋዩን ያውቃል። ከ1937 ዓ.ም. በኋላ ስፍራውን ለሳንቲም ለቀቀ። ሳንቲም የፈረንሳይ ሳንቲም ነው፣ እሱም ከላቲን «መቶ» የወጣ፣ ትርጉሙም መቶኛ። የራሳችንን መቶኛ ጥለን የፈረንሳይን መቶኛ ያዝን ማለት ነው። እኔ በዚህ አዝናለሁ። ሳንቲም ለሚለው ልጅ ቃሉ ውስጥ ቁጥር የለም፤ መቶኛ ለሚለው ግን 0.01 በስሙ ውስጥ ተጽፏል። ክፍልፋይን በሲሶና በእርቦ፣ በእኩልና በአስራት ሲናገር የኖረ ገበሬ፣ ለመቶኛም የራሱ ቃል ነበረው።

ሱዳንም ከፈረንሳይ ወስዳለች፣ ግን ሌላ ቁጥር። በግብጽ በኩል የደረሳት ሚሊም «ሺኛ» ማለት ነው፤ ጂኔህ መቶ ግርሽ፣ ግርሽ አሥር ሚሊም። ነጻነት ካገኘች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣችው የራሷ ፓውንድም ይህንኑ አከፋፈል ጠበቀ። በመተማ ድልድይ ላይ ሁለት የፈረንሳይ ክፍልፋዮች ፊት ለፊት ቆመው ነበር፤ በዚህ 0.01፣ በዚያ 0.001።

ሰሊጡም እንዲሁ ነው። በመተማ ሰሊጥ በኩንታል ይሸጣል፤ ኩንታል ከጣሊያንኛ የገባ 100 ኪሎ ነው። በሱዳን ጉንጣር አለ፤ 100 ረጥል፣ 45 ኪሎ ግድም። ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው፤ ጣሊያኖች ከዐረቦች፣ ዐረቦች ከግሪኮች፣ ግሪኮች ከላቲን ያገኙት፣ ትርጉሙ «መቶ የያዘ»። መቶው ትክክል ነው፤ የምን መቶ እንደሆነ ግን ሖሩ ይለየዋል። በኩንታል የተነገረውን ዋጋ ወደ ጉንጣር የሚመልስ ሰው በ0.45 ያባዛል፤ ቃሉን ብቻ የሰማ ግን ከግማሽ በላይ ይስታል።

ጂኔህ የሚለው ስም ራሱ ከሩቅ ነው፤ እንግሊዞች ከምዕራብ አፍሪካ ጊኒ በመጣ ወርቅ ለመቱት ገንዘብ የሰጡት ስም። ከዚያው አቅጣጫ የመጡት ተክሩሮች በመተማ ሲነግዱ የአገራቸው ወርቅ ስም በለንደንና በካይሮ ዞሮ ወደ ጎረቤታቸው ገብቷል፤ ሰዎቹ በየብስ፣ ስሙ በባሕር።

ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1992 ጂኔህን ትታ ዲናር አወጣች፤ አንድ ዲናር አሥር ጂኔህ። ዲናር ከላቲን ዲናሪዩስ ነው፣ ሥሩም አሥር፤ ለሮማውያን አስ የተባለ ገንዘባቸውን አሥር የሚያወጣ ብር ነበር። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ስሙና ቁጥሩ እንደገና ገጠሙ። ሕዝቡ ግን በጂኔህ መቁጠሩን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ2007 አዲሱ ጂኔህ ተመለሰ፤ መቶ ዲናር ወይም ሺህ አሮጌ ጂኔህ በአንድ። ሰዉ አሁንም ለዓመታት በአሮጌው ቆጠረ፤ አንዱን አዲስ ጂኔህ «አልፍ» አለው፣ ሺህ። ለሱዳናዊው 1.00 እና 1,000 አንድ ሆኑ፤ ከወዲህ ለሚሄድ ነጋዴ ግን «አሥር አልፍ» የሚል ዋጋ አሥር ይሁን አሥር ሺህ መጠየቅ ግድ ነበር። ዲናሩም በአዲሱ ሒሳብ የጂኔህ መቶኛ፣ 0.01፣ ከአንድ ግርሽ ጋር እኩል ሆኖ ከገበያ ወጣ።